ተራ ቁጥር አሥራ አራት

በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ሥራዬ ያልተሰረቀ ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር። የቤት በር ከነመቃኑ ተነቅሎ ሲሄድ አይቻለሁ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ የጠፋበትን ጉዳይም መርምሬያለሁ። ዓይን ተሰረቀ ተብሎ ሲደወልልኝ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«ምን አሉኝ ሲስተር?»

«ዓይን ነው ያልኩዎት» አለች የዓይን ሆስፒታሉ ሜትሮን፣ የነርሶቹ አለቃ። «ማለቴ የዓይን ብሌን። ለአንዱ ሰው የሚገባውን ብሌን ለሌላ ሰው ተክለንለታል። ኧረ ቶሎ ይምጡልኝ!»

ረዳቴን ይዤ ሄድኩ። ረዳቴን በጣቢያው ፈጥኖ ደራሽ ነው የምንለው። ሲጠሩት ፈጥኖ ስለሚደርስ እንዳይመስላችሁ፤ ድምዳሜ ላይ ፈጥኖ ስለሚደርስ ነው።

ሜትሮኗ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ጠበቀችን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኗ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጣለች።

«ይኼኛው ትናንት ሐኪሙ ፈርሞ የሰጠኝ ነው። ይኼኛው ደግሞ ዛሬ ከግድግዳው ላይ ያነሳሁት» አለች። «ልዩነቱን ያዩታል?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ሁለቱም ላይ ብሌን የሚጠብቁ ሠላሳ አንድ ሰዎች በተራ ተጽፈዋል። በተፈረመው ላይ አንደኛው የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ አሥራ አራተኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ። ከግድግዳው በተነሳው ላይ ግን ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

«ብሌን እንደ ልብ አይገኝም» አለች ሜትሮኗ። «ሲሞቱ ዓይናቸውን የሚለግሱ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲመጣ የመጀመሪያው ተረኛ ይገባል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ መጣ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ሰዎች እንደ ወትሮው ግድግዳውን አይተው ልብስ ሰፊዋን አስገቧት። አምስት ሰዓት ላይ ወረቀት ሳመሳክር ነው ጉዱን ያየሁት። የተተከለ ደግሞ ተመልሶ አይነቀል!»

«ሽማግሌውስ?»

«አባባ? ጡረታ የወጡ የራሳችን ባልደረባ ናቸው። አንደኛ ለመሆን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠብቀዋል። ወንዶች ክፍል ተኝተው ነበር። ‹ተራዎ ገና ነው፣ ቤትዎ ይጠብቁ› አሏቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ‹ይሁን› ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ። አንጀቴን በሉት።»

ፈጥኖ ደራሽ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ማን ተጠቀመ? ሴትዮዋ። ስለዚህ የሴትዮዋ ሰው ነው» አለኝ። ገና ወንበር ላይ እንኳ አልተቀመጥንም ነበር።

ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ እጁን እየታጠበ አናገረን። ተናዷል፤ የተናደደው ግን ሐዘኑን ለመሸፈን ይመስለኛል።

«ተራ መለዋወጥ ክልክል ነው» አለ። «‹ተራዬን ልስጥ› የሚል ይመጣል፣ ‹ተራ ስጡኝ› የሚል ይመጣል፤ ሁሉንም እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ከፈቀድን ነገ ሀብታሙ የድሃውን ተራ ይገዛዋል። በዝርዝሩ ላይ እጁን ያስገባ ሕመምተኛ ይሰረዛል። ደንቡ ይኼ ነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«ሠራተኛ ከሆነስ ያስገባው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ሐሰተኛ ሰነድ በሰው ዓይን ላይ! አምስት ዓመት ያንሰዋል።»

ልብስ ሰፊዋን ሴቶች ክፍል አገኘናት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። አንድ ዓይኗ ከሕፃንነቷ የጠፋ ነው፤ ሌላው ቆስሎ ለሁለት ሳምንት ሲታከም ቆይቶ አሁን ተሸፍኗል። ድምፃችንን ስትሰማ ቀና ለማለት ሞከረችና ነርሷ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ስሜን ሲጠሩ ‹እኔን ነው?› ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳቸው» አለች። «‹አዎ፣ ነይ› አሉኝ። የሰው ተራ መሆኑን ባውቅ እገባ ነበር? እናንተ ንገሩኝ፣ እገባ ነበር?»

«አይዞሽ። እዚህ ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ አለሽ?»

«የእህቴ ባል ኮምፒውተር ክፍል ነው። ምነው?»

ፈጥኖ ደራሽ በክርኑ ጎሰመኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያው ሄደ።

ዝርዝሩ የሚታተመው በመዝገብ ክፍሉ ነው። ክፍል ይባል እንጂ መተላለፊያ ላይ ያለች ጠባብ ጓዳ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ አጠገቡ ፕሪንተር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጄን ብዘረጋ ፕሪንተሩን እነካዋለሁ። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ የይለፍ ቃል ተጽፎባታል።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ልትናገር የቸኮለች ሴት ናት።

«ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ነርሶቹ በሙሉ መጨረሻው ክፍል ገብተው ሥራ ይረካከባሉ» አለችኝ። «ያን ጊዜ መተላለፊያው የእኔ ነው።»

«ዛሬ በዚያ ሰዓት እዚህ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከሕመምተኞቹ በቀር ማንም፣ እህቴ። እነሱ ደግሞ ግድግዳ እየዳበሱ ሽንት ቤት ሲሄዱ በር ይሳሳታሉ፤ የማንን ስም ልያዝ? የኮምፒውተሩ ልጅ ከአንድ ሰዓት በፊት ከፍቶ ወደ ፎቅ ወጣ። ይልቅ ያንን እዪልኝ!» ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ትናንት ወልውዬ የሄድኩትን መስታወት ዛሬ ማን እንደሳመው እንጃ! የሳመው ካልተገኘ አልወለውልም ብዬ ትቼዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መሃሉ ላይ ክብ ወዝ አለ፤ ከአንዲት ሳንቲም አይበልጥም። ፈጥኖ ደራሽ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

የኮምፒውተር ባለሙያውን አስጠራን። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወጣት ነው። ከትከሻው ላይ ሁሌ የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ በሆስፒታሉ ሁሉም ገመዱ ይሉታል። ዛሬም ገመዱን አንግቶ መጣ።

«ይኼን ፕሪንተር የሚያዘው የትኛው ኮምፒውተር ነው?» አልኩት።

«ማንኛውም» አለ ደስ እያለው። ስለ ሥራው ሲጠይቁት ደስ የሚለው ሰው ነው። «እንደ ቤት ቁጥር የራሱ ቁጥር አለው። ኔትወርኩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ የሚያውቀው ሁሉ ይልክለታል። እኔ አራተኛ ፎቅ ሆኜ እዚህ አትማለሁ።»

«በምን?»

«በትእዛዝ ነዋ!» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ጥቁር መስኮት ከፈተ። «ነርሶቹ ሥዕሉን ይጫናሉ። እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንዴ ያስተዋውቁታል፤ ስም ያወጡለታል፣ ቁጥሩን ይነግሩታል፣ ‹ሥራ ተቀበል› ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ‹ኤልፒ› ብለው የፕሪንተሩን ስምና የፋይሉን ስም ከጻፉለት አለቀ። ‹ኤልፒስታት› ካሉት ደግሞ ያለበትን ሁኔታ ይነግርዎታል። እያተምኩ ነው፣ ወረቀት አልቆብኛል፣ ሦስት ሥራ ተሰልፎብኛል ይላል።»

«ከእኔ ጸሐፊ ይሻላል።»

«ደግሞ አይቆጣም!» ብሎ ሳቀ።

«እስቲ ዛሬ የታተመውን አሳየኝ።»

መዝገቡን አወጣ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንደየቀኑ በራሱ የታተመው ትክክለኛው ዝርዝር አለ። አንድ ሰዓት ከስምንት ላይ ደግሞ ሌላ አንድ ገጽ ተልኳል። የተላከው ከዚሁ፣ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው።

«በማን ስም?»

ምራቁን ዋጠ። «በእኔ። ግን ይኼ ኮምፒውተር ሁልጊዜ በእኔ ስም ነው ተከፍቶ የሚውለው! ለየራሳቸው ስከፍትላቸው የይለፍ ቃሉን ይረሱና በቀን አሥር ጊዜ ይደውሉልኛል። ስለዚህ ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ማታ እዘጋዋለሁ። ቃሉንም ይኸው ለጥፌላቸዋለሁ።»

«ጥሩ። ነርሶቹ በዚህ ጥቁር መስኮት መጻፍ ይችላሉ?»

«ኧረ አይችሉም» አለ በቅንነት። ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

«አንተ አንድ ሰዓት ከስምንት ላይ የት ነበርክ?»

«አራተኛ ፎቅ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ፈጥኖ ደራሽ ካቴናውን በኪሱ ውስጥ ሲነካካ ሰማሁት።

«የተጻፈው ትእዛዝ ራሱ ይገኛል?» አልኩት።

«ይገኛል። የታዘዘውን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል።» አንድ ቃል ጻፈ፤ ዘጠኝ መስመሮች ወጡ። ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ። እኔ የሰው እጅ የማየት ልማድ አለኝ። ጣቱ ከስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ወረደና ኪሱ ገባ።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ገመዱ፣ ምን አየህ?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። የሚስቴ እህት ናት፣ አሳዘነችኝ። በቃ ይጻፉት።»

ፈጥኖ ደራሽ ዘጠኙን መስመር በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ልጁንም ይዞት ሄደ። ከመጣን ሁለት ሰዓት አልሞላንም።

በማግስቱ ጠዋት ፈጥኖ ደራሽ ፋይሉን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከንክኖኛል። ደስ ብሎት ስለ ፕሪንተር ሲያስረዳኝ የነበረ ሰው በአንዲት መስመር ምክንያት እንዴት ወንጀለኛ ይሆናል? ፎቶውን አውጥቼ አየሁት። ከዘጠኙ መስመር አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኤልፒስታት፣ ኤልፒስታት፣ ኤልፒስታት። ሆስፒታሉ ሄጄ ጓዳዋን በሜትር ለካሁ፤ ተመልሼ ልጁን አስመጣሁት።

«ፕሪንተሩን አምስት ጊዜ ‹እንዴት ነህ› ብለኸዋል። ለምን?»

«ወረቀት አልቆ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ? የሠራኸው አንተ አይደለህም?»

«አልቆ ነበር።»

«ወረቀት ሲያልቅ ፕሪንተሩ ምን ያደርጋል?»

«ቀይ መብራት ያበራል።»

«የት ጋ?»

«ፊቱ ላይ።»

«ከወንበሩ እስከ መብራቱ ሰባ ሴንቲ ሜትር ነው። ቀና ብሎ ማየት ሲቻል አንተ አምስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅከው?»

«ተደናግጬ ነበር።»

«የተደናገጠ ሰው ዘጠኝ መስመር ሲጽፍ አንዲት ፊደል አይስትም?»

አቀረቀረ። «ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ይተዉት። አምኛለሁ አይደል? ያመነን ሰው ምን ያደርጉታል?»

«ልጅ አለህ?»

«ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ስድስት ወሯ ነው።»

«ልጅህ አምስት ዓመት ያለ አባት እንዲያድግ ነው?»

ይኼን ጊዜ አለቀሰ። ለራሱ የሚያለቅስ ሰው ምሕረት ይለምናል። እሱ ግን «ይፈርሙልኝ፣ በቃ ይፈርሙልኝ» ነበር የሚለኝ። አንድን ሰው ደብቆ እንደያዘ ያኔ ገባኝ።

ብቻዬን ስሆን ያ ስክሪን ላይ ያየሁት ክብ ወዝ መጣብኝ። የከንፈር አልነበረም። ፊደሉን ለማንበብ ስክሪኑ ላይ የተደገፈ የአፍንጫ ጫፍ ነበር። ቀዩን መብራት ያላየው ሰው ማየት ስለማይችል ነው ያላየው። ችግሩ በዚያ ሆስፒታል ማየት የማይችል ሰው ሞልቷል!

ሜትሮኗ ጋ ተመለስኩ። የፎቶውን ሦስተኛ መስመር አሳየኋት፤ ኤልፒ ከሚለው ቀጥሎ የፕሪንተሩ ስም የተጻፈበትን።

«ይህቺ ቃል ምንድን ናት ሲስተር?»

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። «ሰማያዊ! ውይ፣ የድሮው ፕሪንተር ነው። መልኩ ሰማያዊ ነበር፤ ከተጣለ ስንት ዓመቱ! ያን ጊዜ ፕሪንተሮቹን በቀለማቸው ነበር ስም የሚያወጡላቸው። ሰማያዊው፣ ነጩ፣ ግራጫው እንል ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን በክፍል ቁጥር ነው፤ ገመዱ ነው የለወጠው። ግን የድሮውንም ስም ብንጽፍ እዚያው አዲሱ ላይ ያትማል። ‹ለምን አታጠፋውም?› ብዬ ስጠይቀው ‹መታሰቢያ ነው› አለኝ።»

«የማን መታሰቢያ?»

«የአስተማሪው ነዋ። ለዚህ ሆስፒታል ፕሪንተሮቹን ሁሉ መስመር ዘርግተው የተከሉት፣ ገመዱንም ከባዶ ተነስተው ያስተማሩት…»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። አፏን በእጇ ያዘች።

ፈጥኖ ደራሽን ጣቢያ ትቼው ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌው የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ዕቃ ቦታ ቦታውን ይዟል። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተፈታ ራዲዮ ጭናቸው ላይ አድርገው ብሎኑን በጣታቸው ይፈልጋሉ። ዓይናቸው ላይ ነጭ ጉም ተኝቷል።

«ፖሊስ ነኝ አባባ። ቃልዎን ልቀበል ነው የመጣሁት፤ ተበዳይ ስለሆኑ።»

«ማነው በደለኝ ያለሽ? ይቅርታ፣ ያለዎት?»

«አንቺ ይበሉኝ። ሆስፒታሉ ነው።»

«ይተዉታ ልጄ! እኔ ያልከሰስኩትን ምን አስከሰሳቸው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

«አባባ፣ ወረቀቱ አልቆ ሳለ ፕሪንተሩን አምስት ጊዜ ነው የጠየቁት» አልኩ።

እጃቸው ራዲዮው ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«በስድስተኛው መሳቢያውን ጎትቼ በእጄ ዳሰስኩት» አሉ። «ከመነሻው እንደዚያ ነበር ማድረግ። ከአፍንጫዬ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው፤ ፊደሉን አግዝፌም ስክሪኑ ላይ ተደፍቼ ነው ያነበብኩት። ጣቶቼ ግን ትእዛዞቹን አልረሱም። እሱ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ግድግዳ እየዳበሱ መሄዱም ጠቀመዎት። ዝርዝሩን ሲቀይሩ ማንም ልብ አላለም።»

«ዕውርን ማን ልብ ይለዋል?»

«ለምን አደረጉት?»

ራዲዮውን አልጋው ላይ አስቀመጡት።

«መተላለፊያው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለት ሳምንት ከዚያች ልብስ ሰፊ ጎን ተቀምጫለሁ። ትንሽ ሴት ልጅ አላት፣ ማንበብ የጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ መጽሐፏን ይዛ መጥታ ለእናቷ ታነብላታለች። ግማሹን ታነባለች፣ ሲከብዳት ግማሹን ከራሷ ትፈጥራለች። ነገሩ አይያያዝም፤ እሰማለሁ። እናትየው አታይም፤ ‹ጎበዝ› ትላታለች። አንድ ቀን ልጅቷ ስትሄድ ‹አባባ፣ እያነበበች ነው ወይስ እየዋሸችኝ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«‹እያነበበች ነው› አልኳት። እኔም ዋሸኋት። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ተራዬን ስጥልኝ አልኩት፤ ክልክል ነው አለኝ። ደንቡን አልጠላውም፤ ደግ ደንብ ነው። የእሷ ዓይን ግን አሥራ ሦስት ሰው እስኪገባ አይጠብቅም፤ እሱ ራሱ ለነርሷ ሲነግራት ሰምቻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ብሌን እንደሚመጣም የዚያኑ ማታ ሰማሁ።»

«እርስዎስ? ማየት አይፈልጉም?»

«አልፈልግም ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። «እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ይደርሰኛል አልኩ። አሥራ አራተኛ መሆን ምን አለበት?»

ከዚህ ወዲያ መናገር ያለብኝ ነገር ነበር፤ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ የተከፈተው በገመዱ ስም ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ የሚስቱ እህት ናት።»

«ምን? እሷ አልነገረችኝም! እኔም አልጠየቅኳት…»

«ገመዱ ታስሯል።»

ብድግ አሉ። ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«‹ሰማያዊ› ብለው የጻፉትን አይቶ እርስዎ መሆንዎን አወቀ፤ ‹እኔ ነኝ› አለ። እርስዎ ካመኑ ከዝርዝሩ እንደሚሰረዙ ያውቃል። አሁንም ልንገርዎት፣ ግዴታዬ ነው። እኔ ያለኝ አንድ የወዝ ምልክትና አንድ ያረጀ ስም ነው። እርስዎ ዝም ቢሉ…»

«ጫማዬ የት አለ?» አሉ።

«አባባ፣ ያልኩት ገብቶዎታል? ዓይንዎን…»

«ሰምቻለሁ። ጫማዬ እዚህ ነበር፣ ማን ነው ያነሳው?»

ሁሉን ነገር በቦታው የሚያስቀምጡ ሰው ጫማቸው ጠፋባቸው። ጫማው እግራቸው ሥር ነበር። ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው፤ ክሩንም አሰርኩላቸው። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው «ቶሎ በይ ልጄ፣ ቶሎ በይ» ይሉኝ ነበር።

ጣቢያ ስንደርስ ገመዱ ከምርመራ ክፍሉ በር ላይ አያቸው። ቁጣው እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ጋሼ ምን አመጣዎት! ሁለት ዓመት ከአራት ወር የጠበቁትን! ብሌኑ እስኪመጣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«አንተ ልጅ ሊወለድልህ ነው አሉ» አሉ ሽማግሌው። በእጃቸው ፈልገው ትከሻውን አገኙት። «ለእኔም አልነገርከኝም። በል ሂድ፣ ሚስትህ ጋ ሂድ።»

ፈጥኖ ደራሽ በዚያች ቀን የጻፈውን ፋይል ሳልነግረው ራሱ ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቀስ ይላል።

ዐቃቤ ሕጉ እኔ የጻፍኩትን አዲስ ፋይል ሁለቴ አንብቦ፣ ተበዳዩም በዳዩም አንድ ሰው የሆኑበት ጉዳይ አላጋጠመኝም ብሎ በማስጠንቀቂያ ዘጋው። ነርሶቹ ለየራሳቸው የይለፍ ቃል ወጣላቸው። ሆስፒታሉ ግን ደንብ አለው። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሐኪሙ ደንቡን ሲያነብ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ አሉኝ፤ ቢሆንም አነበበው። የሽማግሌው ስም ከዝርዝሩ ወጣ።

ከሦስት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቢሮዬ መጣች። ማንም ሳይመራት፣ በሩን ራሷ ከፍታ ነው የገባችው። ወፍራም መነጽር አድርጋለች።

«ተራው የማን እንደነበር ማንም አይነግረኝም» አለች። «ሆስፒታሉ ሚስጥር ነው ይላል። የእህቴ ባል አስምለውኛል ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን ጠርጥሬያለሁ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት አባባ ናቸው አይደል?»

ወንበር ሳብኩላት።

«አመሰግናለሁ ለማለት አይደለም፤ በምን አፌ? የት እንዳሉ ብቻ ንገሪኝ። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች። ስትሳሳት እኔ አርማታለሁ።»

ፖሊስ የሰው አድራሻ አይሰጥም፤ በእኔ የሥራ ዘመን አንድም ቀን ሰጥቼ አላውቅም። ቁራጭ ወረቀት ሳብኩና ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር በትልልቁ ጻፍኩላት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንዲት ፊደል ሳትስት ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ።